ቀላሉ ዘንግ

«በስንት ገዛው ነው ያልሽኝ?»

ታላቅየው ዘንጉን በሁለት እጁ አግድም ይዞ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ ነበር የጠየቀው። ለለቅሶ ደራሽ የሚሆን ተጨማሪ ወንበር ፍለጋ ወደ ወንድሙ መኝታ ቤት ገብቶ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወንበር ሳይሆን ረጅም ክብ ማኅደር ይዞ ወጣ። ከውስጡ አራት ቁራጭ ሆኖ የተቀመጠ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ተገኘ። እዚያው ሳሎን መሀል፣ በእንግዳው ሁሉ ዓይን ሥር፣ አንዱን በአንዱ እየሰካ አቆመው። ዘንጉ ከሰው ቁመት አልፎ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

የዘንጉ ባለቤት፣ ታናሽ ወንድሙ፣ የተቀበረው ትናንት ነው።

«አላልኩም» አለች የሟቹ ሚስት፣ ከፔርሙሱ ቡና እየቀዳች። «አረፍ ይበሉ ጋሼ።»

«ምን አረፍ እላለሁ! ይሄ እኮ ተራ ዱላ አይደለም። እዩት፣ ስም ተጽፎበታል። ስም የተጻፈበት ነገር ርካሽ አይሆንም።»

ታላቅየው ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ የቤት ዕቃ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ዕቃ አይቶ ዋጋ ሳይጠይቅ ማለፍ አይሆንለትም። የሬሳ ሣጥን ሊገዙ ሲሄዱ እንኳ ክዳኑን በጣቱ አንጓ ቆርቆር አድርጎ «ይሄማ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ቀንሱ እንጂ!» ብሎ ተከራክሯል። ሻጩም አፍሮ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ታላቅየው እግሩን አላሳረፈም፤ ወንበር ይደረድራል፣ በር ይከፍታል፣ የመጣውን ይቀበላል፣ የሚሄደውን ይሸኛል። ዓይኑ ግን ጠብ አላለም። ሰዎች «ጠንካራ ነው» ይሉታል። እሷ ምን እንደምትለው አላወቀችም። እሷ ደክሟታል።

«የልብስ ማጠቢያ መኪናውን ያህል ነው» አለች ሴት ልጇ ከበሩ ሥር፣ ባዶ ስኒ የሞላ ትሪ እንደያዘች። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

«የልብስ ማጠቢያ መኪና!» ታላቅየው ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ሰማችሁ? እኔና እሱ ልጆች ሳለን ሚስማር አጣመን በሲባጎ ነበር የምናጠምድ። ያውም ጠብሰን እንበላው ነበር። እሱ ግን ኋላ ይዞ ይለቀዋል! አፉን በርግዶ፣ ደህና ሁን ብሎ ወደ ውኃው! እንግዲህ ለሚለቀው ዓሣ ነው ይሄ ሁሉ?»

ሰው ሣቀ። የለቅሶ ቤት ሣቅ ነው፤ አፍ በእጅ ተይዞ፣ ትከሻ እየተነቀነቀ። እሷም ፈገግ አለች። ባሏ ቢኖር አብሮ ይሥቅ እንደነበር ታውቃለች።

ስኒ ልትጨምር ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ሁለት ጎረቤቶቿ ጀርባቸውን ሰጥተው ዕቃ ያጥባሉ።

«የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ውላ፣ ማታ ቤቷ ገብታ የራሷን በእጇ ስታሽ! እሱ እቴ፣ ዓሣ!»

«ተይ፣ የሞተ ሰው አይታማም።»

«መቼ አማሁት? ዋጋውን ነው ያነሳሁት።»

ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ገባች። ሁለቱም ስኒ ማጠቡን አጥብቀው ያዙት።

ያሉት ሐሰት አልነበረም፤ የከፋትም ይሄው ነው። በሆስፒታሉ የልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላና ጋውን ስትተኩስ ነው የኖረችው። ባሏ ለሰው ሲያስተዋውቃት «ሚስቴን ተጠንቀቋት፣ ተኳሽ ናት» እያለ ያሥቅባታል። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ረጋ ብሎ ስለሚነዳ ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስ በቀስ» ነበር የሚለው። ሥራ የረፈደበት ይሰድበዋል፣ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ግን የሱን አውቶቡስ ጠብቀው ይሳፈራሉ። አይጠጣም፣ አያጨስም፤ ጫማው ሶሉ እስኪያልቅ ሌላ አይገዛም። ሁለቱም ከደሞዛቸው ትንሽ ትንሽ እያስቀመጡ የልብስ ማጠቢያ መኪና ሊገዙ ተስማሙ። በቃ ሞላ በተባለ ሰሞን፣ አንድ ማታ ያንን ረጅም ማኅደር ይዞ መጣ። አልጋው ላይ እንደ ሕፃን አጋደመው።

«እሜቴ፣ አትቆጪ» አለ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ዱላ ገዛህ?» ብላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ «ለአባትሽ ራት ቀርቧል በዪው»፣ «ለእናትሽ በልቻለሁ በያት» እየተባለ በልጅቷ በኩል ነበር የሚነጋገሩት።

አንድ ቅዳሜ ግን ከገበያ ስትመለስ ባሏን እጅጌውን ሰብስቦ፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። አረፋው እስከ አገጩ ደርሷል።

«መኪናው መጥቷል» አለ። ቀጥሎ በአፉ ግርርር አለ፣ ሽሽሽ አለ፤ አንሶላውን ሊጨምቅ ሲነሳ ደግሞ እንደ እውነተኛው መኪና መላ ሰውነቱን አንቀጠቀጠ። ልጅቷ በሣቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሷም ሣቀች፤ ምን ታድርግ። መኪናው ቆይቶ እስኪገዛ ድረስ ቅዳሜ ሲመጣ አጣቢው እሱ ነበር።

ታርቀዋል። የታረቁት ግን በሣቅ ነው እንጂ በነገሩ አይደለም። ነገሩ እውስጧ እንደተዳፈነ ቀረ፦ ይሄን ያህል ልብ ያለው ሰው፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ለራሱ ዕቃ ቢገዛ፣ እንዴት ያንን? የምትወደው ባሏ ሞኝ ነበር ወይስ እሷ ያልገባት ነገር አለ? በሕይወት ሳለ ነገ እጠይቀዋለሁ እያለች አለፈ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ጫማ አጥልቆ አንዱን ሳያጠልቅ ልቡ ቆመች። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

አንድ ሰው ግን አለ።

የባሏ ጥርስ ሐኪም፣ ዘንጉ ሳሎን በወጣ ማግስት ብቻውን መጣ። ባሏን ዓሣ ማጥመድ ያስለመደው እሱ ነው። ባሏ ሲያወራው «መንጋጋዬን ሊነቅል አፌን አስከፍቶ ስለ ዓሣ ጀመረ፤ አፌ ተይዞ እምቢ ልል አልቻልኩም» ይል ነበር። ሐኪሙ ረጅም፣ ጎባጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሰው እስኪቀንስ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። እሷም ቡና ሰጥታው፣ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አረፈች። እግሯን እንደ ሰው ዕቃ ነበር ጎትታ ያመጣችው።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንደ ለቅሶ ቤት አይመልሱልኝ፤ እንደ እውነቱ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ያ ዘንግ ያ ሁሉ ዋጋ ይገባዋል?»

ሐኪሙ ስኒውን አስቀመጠ። «እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«ለአብዛኛው ሰው፣ አይገባውም። ዓሣ የዘንግ ስም አያነብም። ከዋጋው ግማሹ የስም ነው። መካከለኛውን ቢገዛ ያንኑ ዓሣ ይይዝበታል። እኔ ራሴ አትግዛ ብዬው ነበር።»

ሙግት የረታች ያህል እንኳ አልተሰማት፤ ድካሟ ላይ ሌላ ድካም ብቻ ተጨመረ።

«ተታሏል በሉኛ።»

«እሱን አላልኩም። ለአብዛኛው ሰው ነው ያልኩት።» መነጽሩን አውልቆ በእጅጌው ጠረገ። «የኛ አጠማመድ መንጠቆ ወርውሮ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይደለም። መንጠቆው ላይ ያለው ከላባና ከክር የተሠራ ዝንብ ነው፤ ክብደት የለውም። ውኃው ላይ እንዲያርፍ ገመዱን ወደ ኋላ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት እያወዛወዙ መወርወር ነው። ክንድ አያርፍም። አንድ ዓሣ እስኪመጣ መቶ ጊዜ ይወረወራል፤ አንዳንድ ቀን መቶውም ወርውረው ባዶ እጅ መግባት ነው። አሮጌው ዘንጉ ደግሞ ከባድና ደረቅ ነበር። በዚያ ትከሻ…» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ትከሻውን ያውቁ ነበር መቼም?»

«ማጥመዱ እንደሚያደክመው አውቃለሁ። ተው ብዬዋለሁ።»

«ማጥመዱ አይደለም። አውቶቡሱ ነው።»

ከዚያ ነገራት። ስንት ዓመት ያን የአሮጌ አውቶቡስ መሪ ሲያዞር የቀኝ ትከሻው አልቋል፤ እጁ ከጆሮው በላይ አይወጣም። ለመሥሪያ ቤቱ አልተናገረም፤ ከመሪው ላይ ያነሱኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ወንዝ ዳር ትንሽ ይወረውርና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ክንዱን በሌላው እጁ አቅፎ።

«ለሚስትህ ንገራት አልኩት። 'እሷ ቀኑን ሙሉ ካውያ ስታነሳ ነው የምትውለው፤ በዚያ ላይ የኔን ትከሻ ላሸክማት?' አለኝ። ማጥመዱን ተወው አልኩት፤ ዝም አለኝ። ኋላ አብረን ሱቅ ሄድን። ርካሹን ወረወረ፣ አመመው። መካከለኛውን ወረወረ፣ አመመው። ይሄን አንስቶ በሱቁ ጓሮ ወረወረ… ወረወረ… ሻጯ 'ይበቃዎታል ጋሼ' እስክትል ድረስ። ሲመለስ ፊቱን አየሁት። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩትም።»

ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ መናገር እንደማያስፈልግ ገብቶት ቡናውን ጨርሶ ተነሳ።

ቤቱ ጭር ሲል መኝታ ቤት ገባች። ታላቅየው ዘንጉን ሳይፈታታ ጥግ ላይ አቁሞታል። እጀታው ለስላሳ ቡሽ ነው፤ ባሏ በሚይዝበት በኩል ጠቆር ብሏል። ያዘችውና አነሳችው።

ትጠብቀው የነበረው ክብደት አልመጣም። ይዛዋለች፣ ያልያዘች ያህል ነው።

ክብደት ምን እንደሆነ ለሷ የሚነግራት ሰው አያስፈልግም። ሥራ ስትጀምር የነበረው ካውያ እንደ ድንጋይ ነበር፤ ለመጀመሪያው አንሶላ ምንም አይደለም፣ ከምሳ በኋላ ግን ሰውን ያስለቅሳል። ቆይቶ ቀላሉ ካውያ መጣና ያን ቀን ማታ ቤቷ ገብታ፣ ስንት ዓመት እንደዛለች ያወቀችው ድካሙ ሲቀርላት ነው። ለባሏ ነግራዋለች። «ዛሬ እጄ የራሴ ነው» ብላዋለች። እሱ ደስ ብሎት ሁለቱንም እጆቿን ይዞ ሲያገላብጥ ትዝ አላት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በግራ እጁ ማበጠር የጀመረ ጊዜ «በስተርጅና ፋሽን አመጣህ» ብላ ቀልዳበታለች። ከወንዝ ሲመለስ ሸሚዙን ማውለቅ አቅቶት ክንዱን ዘርግቶላት ሲቆም፣ ሕፃንነት እያማረው መስሏት እየጎተተች አውልቃለታለች። ዘንጉን ከገዛ በኋላ ግን ሸሚዙን ራሱ አውልቆ መስቀያው ላይ አድርጎት ያገኘችው ይመስላታል። ወይስ አይደለም? ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላ ሲጨምቅስ? ያን ጊዜ በየትኛው ክንዱ ነበር? ዓይኗን ጨፍና አረፋውን፣ ግርርር የሚለውን አፉን፣ የልጅቷን ሣቅ አየች። ክንዱን ልታየው አልቻለችም። ደጋግማ ሞከረች፤ ከዚያ ተጋደመችና ልብሷን እንደለበሰች እንቅልፍ ወሰዳት።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ ሳሎኑ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። የባሏ መሥሪያ ቤት ሰዎች በአንድ ላይ መጡ። ከመካከላቸው አብሮት የሠራው ትኬት ቆራጭ፣ ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ «ያ የተባለው ዘንግ የቱ ነው? እንዴት ነው የሚወረወረው?» ብሎ ጠየቀ።

ታላቅየው ሌላ ሰው እስኪነሳ አልጠበቀም። ገብቶ ይዞት ወጣ።

«ጋሼ፣ ተዉት» አለች እሷ ከማድ ቤቱ በር። ድምፅዋ ሳይደርስ ቀረ።

«እንዲህ ነው! የሞተ ዝንብ ወደ ኋላ፣ ሕያው ዓሣ ወደ ፊት!» ብሎ ክንዱን ወደ ኋላ ሲያነሳ፣ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ የዘንጉን ጫፍ ያዘው።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበረው ቀጭ አለ፣ በቃ። የተቆረጠው ጫፍ በእንግዶቹ ራስ ላይ ዞሮ ትኬት ቆራጩ ወንበር ሥር ወደቀ። ልጅቷ ሮጣ ማራገቢያውን አጠፋችው። ሁሉም ማራገቢያው ቀስ እያለ እስኪቆም ወደ ላይ ይመለከት ነበር።

ታላቅየው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከወንበሩ ሥር ቁራጩን አወጣ። ሁለቱን ስብራት ገጥሞ ያዘ። «ይጣበቃል» አለ። «ሙጫ… እኔ እኮ ስንት የተሰበረ ወንበር… ወገቡ የተቆረጠ ጠረጴዛ እንኳ አድኛለሁ… ምንም አይታወቅበትም፤ ቆይ፣ ሙጫ አምጡልኝ…» የገጠመው ተለያየ። እንደገና ገጠመው፣ እንደገና ተለያየ። በሦስተኛው ዘንጉን ደረቱ ላይ አስጠግቶ አፉን ከፈተ፣ ከሬሳ ሣጥኑ ሻጭ ቤት ጀምሮ ያልወጣው ድምፅ ወጣ።

«ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!»

ቤቱ ተነሳ። አንዱ ክንዱን ይይዛል፣ አንዱ ውኃ ይላል። እሷ በሰው መሀል አልፋ መጣችና አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልታጽናናው አስባ አልነበረም፤ ደክሟት ነው። ተቀምጣ ግን እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። ሁለቱም እዚያው ቆዩ።

እንግዳው ሲሳሳ፣ ከሠራተኞቹ ኋላ የገባው ጥርስ ሐኪሙ ዘንጉን አገላብጦ አየ። «የተሰበረው ጫፉ ብቻ ነው» አለ። «ይሄ ዘንግ ዋስትና አለው። በመኪና በር ይቀርጠፍ፣ ሰው ይርገጠው፣ ሠሪዎቹ ለምን ሳይሉ ሌላ ጫፍ ይልካሉ። ከዋጋው ትልቁ ድርሻ እሱ ነው።»

ታላቅየው አፍንጫውን በመሐረብ ጠርጎ ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ውስጡ ያለው ነጋዴ ግን ተነሳ። «ለስንት ጊዜ?»

«ዕድሜ ልክ።»

«የማን ዕድሜ? የዘንጉ?»

ሐኪሙ መልሱን ሊያዘገየው ፈለገ። ግን ተጠይቋል። «የገዢው። የመጀመሪያው ባለቤት በሕይወት እስካለ።»

ልጅቷ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሁን» አለች ሚስቲቱ በመጨረሻ። «ይቅር። እንደተሰበረ ይቀመጥ።»

«አይቀመጥም!» ታላቅየው ተነሳ። «በወንድሜ ስም እኔ እሄዳለሁ።»

«ጋሼ፣ ውሸት ነው እኮ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌውን አዲስ ነው እያልኩ ስሸጥ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን የሞተውን አለ ብል ምን ይለኛል?»

የተዋሷቸው ወንበሮች ወደየቤታቸው በተመለሱ ማግስት ሚስቲቱና ታላቅየው ጥቁራቸውን እንደለበሱ ዘንጉ ወደተገዛበት ሱቅ በአውቶቡስ ሄዱ። እሱ ማኅደሩን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ይዞታል። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ እየተጣደፈ ይነዳል፣ በየጥምዝምዙ ይጥላቸዋል። ሾፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ሲያዞር እያየች ስለ ባሏ ትከሻ ነገረችው፤ ሐኪሙ ያላትን ሁሉ፣ ሸሚዙንም ጭምር። ታላቅየው ሳያቋርጣት ሰማ። እሱን ለሚያውቅ ይሄ ራሱ ተአምር ነው።

«የትኛው ትከሻው?» አለ ስትጨርስ።

«ቀኙ።»

ራሱን ነቀነቀ።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ በሁለቱም ግድግዳ ዘንግ እንደ አጥር ተደርድሯል። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች። ታላቅየው ማኅደሩን ከፍቶ ቁርጥራጩን ዘረጋ።

«ጫፉ ተሰበረብኝ።»

«ምን አግኝቶት?»

«ማራገቢያ።»

«ቤት ውስጥ?» ሴትየዋ ቅንድቧን አነሳች።

«ቤት ውስጥ። ለወንድሜ ላሳየው ብዬ።»

ሴትየዋ እጀታው ሥር የተጻፈውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ መታች። «በማን ስም ነው?»

የወንድሙን ስም ተናገረ። ጀምሮት መጨረሻው ላይ ድምፁ ወረደ።

ሴትየዋ መነጽሯን አደረገች። መጀመሪያ እሱን አየች፤ ጥቁር ኮቱን፣ ያበጠ ዓይኑን። ቀጥላ እሷን አየች፤ ጥቁር ቀሚሷን፣ ጥቁር ሻሿን። ማየቱ ረዘመ።

«ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለች ሴትየዋ። ቃሏን ዝቅ አድርጋ ነበር ያለችው። አንድ ሁለት ነገር ጻፈች፤ ስብራቱንም በወረቀት ጠቀለለችው። ከዚያ ወሬ አመጣች። «ሰው ሁሉ ይሄን ዘንግ ያነሳና ዋጋውን ሲያይ መልሶ ይሰቅለዋል። ይገባዋል ወይ ይሉኛል። እኔ አላጠምድም፤ የምመልሰው ይቸግረኛል። እርስዎ ይዘውታል፤ ምን ይላሉ?»

ሚስቲቱ ወለሉን አየች። ሳምንቱን ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ ሚስማሩ፣ ሲባጎው፣ ደህና ሁን ተብሎ የሚለቀቀው ዓሣ። ታላቅየው አንድ ቀልድ ይወረውራል ብላ ጠበቀች። ቢወረውርም አልቀየመውም አለች በልቧ።

«በፊት» አለ ታላቅየው፣ «ከወንዝ ስመለስ ሸሚዜን ማውለቅ አልችልም ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስቴ ነበረች የምታወልቅልኝ። ምን እንደሆንኩ አልነግራትም። እሷም ደክሟት ነው የምትመጣ።» ባንኮኒውን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ፤ ጥሩ እንጨት ሲያይ እንደሚያደርገው። «ይሄን ከገዛሁ ወዲህ ራሴ አወልቃለሁ።»

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይገባዋል» አለ። «ለሌላው አላውቅም። ለኔ ይገባዋል።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ብዕር አነሳች። «ጫፉ ከሠሪዎቹ እስኪመጣ ትንሽ ይቆያል። ሲደርስ የምደውልበት ስልክ ይስጡኝ።»

ታላቅየው የራሱን ቁጥር ጀመረ። ሚስቲቱ ክንዱን ነካ አድርጋ አቋረጠችውና ሌላ ቁጥር በቃሏ ተናገረች፤ ሳትንተባተብ፣ እስከ መጨረሻው። ታላቅየው የማን ቁጥር እንደሆነ አውቆ ዘወር ብሎ አያት።

ውጭ ፀሐዩ ጠንክሯል። እሱ አውቶቡስ መምጣቱን ሊያይ ወደ መንገዱ ዳር ወጣ አለ። እሷ ከሱቁ ጥላ ሥር ቆማ፣ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ተዘግቶ የቆየውን የባሏን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች። ቁልፉን ተጭና ያዘችው። መስታወቱ በራ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችውና ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።